ባሏ የሚዛወርባት ልብስ ሰፊ

የጦር ሰፈር ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም። መንግሥት ባሏን ካገር አገር ያዛውራል፤ እሷም ሥራዋን ጠቅልላ ትከተላለች፤ ገብታ ጓዟን ሳትፈታ ደጇ ላይ ሰው ይሰለፋል። ባልየው ማዕረግ አለው፣ ጠመንጃ አለው፣ ሲናገር ቀጥ ብለው የሚሰሙት ወታደሮች አሉት። ከሰፈሩ አጥር ወጣ ሲል ግን ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «የእከሊት ባል» ነው የሚሉት። እንዲህ ያለችውን ሴት አላውቅም የሚል ሰው ካለ፣ ወታደር ጎረቤት ኖሮት አያውቅም ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ኋላም አንኮበር ላይ፣ ያቺ ሴት ወይዘሮ አልታየች ነበረች። ባሏ ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ ነው። ረጅም፣ ትከሻው የበሩን መቃን የሚሞላ፣ ኮሪያ ዘምቶ በደህና የተመለሰ ሰው ነው። በልቡ ሚስቱን «ክብርት ወይዘሮ» ነበር የሚላት። በአፉ አይልም። በአፉማ ብዙም አይናገር፤ እሱ ቃል እስኪፈልግ እሷ ጨርሳ ሌላ ወሬ ጀምራለች።

ጥፋቱ ግን የራሱ ነው። ከኮሪያ ሲመለሱ ጓደኞቹ ሰዓትና ራዲዮ ሲገዙ፣ እሱ ጃፓን አገር ገበያ ላይ በእጅ የምትዞር አንዲት ጥቁር የስፌት መኪና አየ። «አልታዬ እቤቷ ተቀምጣ ቀሚሷን ትሰፋባታለች» ብሎ ገዛ። አንድ ቀሚስ ነበር ያሰበው። ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ማዕበል ሲነሳ አቅፎ፣ ያን ሁሉ ባሕር አሻገራት።

አልታየች የራሷን ቀሚስ ጀምራ ሳትጨርሰው የጎረቤቷ ቀሚስ መጣ። የጎረቤቷን ሳትጨርስ የጎረቤቷ እህት መጣች። ጥቂት ሳይቆይ ደብረ ብርሃን ጦር ሰፈር በር ላይ ካለችው ቤታቸው ደጅ ገበያ የቆመ መሰለ። የራሷ ቀሚስ እስከ ዛሬም አንድ እጁ አልገባለትም።

በዚያን ጊዜ ለወታደር የሚታደለው ካኪ ሱሪ ሁሉም አንድ ልክ ነበር። ቀጭኑ ሲለብሰው ነፋስ የነፋው ድንኳን ይመስላል። ጎረምሶቹ ደግሞ እሑድ ከተማ ሲወጡ ልጃገረዶች እንዲያዩዋቸው ይፈልጋሉ። ሹልክ ሹልክ እያሉ ይመጣሉ።

«እትዬ አልታየች፣ እስቲ ትንሽ ጠበብ ያርጉልኝ።»

አልታየች ደግሞ ትንሽ የሚባል ነገር አታውቅም። አጠበበችላቸው። እግራቸውን ለማስገባት ሳሙና የሚቀቡ ነበሩ ይባላል።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ትልቅ መኮንን ለጉብኝት መጣ። ጦሩ ሜዳ ላይ ተሰለፈ፤ እውነትም ያምር ነበር። መኮንኑ ረድፉን እያየ ራሱን በደስታ ነቀነቀ። በመጨረሻ «ተንበርከክ!» ተባለ። ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ረድፍ የሱሪው ስፌት እንደ ቆሎ ተንጣጣ። ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ ዓይኑን ጨፈነ። የደብረ ብርሃን ብርድ ያን ለት የት የት እንደገባ የሚያውቁት እነዚያ ጎረምሶች ብቻ ናቸው።

ማታ ሲነግራት አልታየች ክሯን ከጥርሷ እንኳ አላወጣችም።

«ሱሪው ልክ ነበር» አለች። «ከልክ ያለፉት እነሱ ናቸው። ምን እያበላችኋቸው ነው?»

መኮንኑ አዲስ አበባ ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ የአየር ለውጥ ያስፈልገዋል ተብሎ አንኮበር ወዳለው ትንሽ ጦር ተዛወረ። እሱ ግን ሳምባውንም ሆነ ሆዱን አሞት አያውቅም።

ባል ሲዛወር ሌላዋ ሴት ታለቅሳለች። አልታየች ክሯን ጠቀለለች። ለጓዛቸው አንድ በቅሎ ብቻ ነበር የተሰጣቸው።

«እኔስ በምን ልሂድ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«አንተ እግር አለህ። እሷ እግር አላት?»

መኪናዋ በቅሎዋ ላይ ጉብ አለች። ብርዱ ዘይቷን ያረጋዋል ተብሎ የሃምሳ አለቃውን ካፖርት ደረበች፤ አቧራ እንዳይገባባትም ቆቡን ጫኑላት። መንገድ ላይ ያገኟቸው ገበሬዎች ጭጋጉ ውስጥ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ማዕረግ ያለው ካፖርት ከሩቅ ሲያዩ፣ ሸማቸውን አደግድገው ለመኪናዋ እጅ ነሱ። አንዱ ሽማግሌማ አቤቱታ ጀምረው ነበር። ሃምሳ አለቃው ከኋላ ድስትና ምንጣፍ ተሸክሞ በእግሩ ይከተላል። እሱን «አንተ አሽከር፣ ጌታህ ወዴት እየሄዱ ነው?» አሉት። አልታየች ይሄን ስትሰማ አንዲት ቁልቁለት ሙሉ ሳቀች።

አንኮበር ከወይዘሮ አስካለማርያም ቤት ተከራዩ። ወይዘሮ አስካለማርያም ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው የሰላ፣ ደግ ሴት ናቸው። መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሃምሳ አለቃው ከዘብ ሲመለስ እጀታ አዟሪ ሆነ። ያኔ ነው የገዛ ስሙ የጠፋበት። ሰው ፊት «አንቱ» ትለዋለች፤ ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ» ትለዋለች፤ መኪናዋ ፊት ሲቀመጥ ግን «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «አዙር» ብቻ ነው። አልጋው ላይ ጋደም ሲል ስፒል ይወጋዋል። ኮሪያ ጥይት ያልነካው ሰውዬ አንኮበር አልጋው ላይ ቆሰለ። ራት ሲቀርብ ደግሞ የሚቀመጥበት አያገኝም፤ ዱካው ላይ የሰው ኮት፣ መደቡ ላይ የሰው እጀ ጠባብ።

«ቆመህ ብላ፣ ወታደር አይደለህ?» ትለዋለች።

አልታየች በሄደችበት አገር ሁሉ የምትገባበትም የምትወጣበትም አንድ ቃል ነበራት። «እንግዳ ነኝ እኮ!» ምንጭ ላይ ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ሲጠብቁ፣ እሷ ሰተት ብላ ከፊት ትቀዳለች፤ «እንግዳ ነኝ እኮ፣ ተራ መኖሩን መች አወቅሁ!» የማኅበር ተራ ሲደርሳት፣ «እንግዳ ነኝ እኮ፣ ያገሩን ጠላ አጠማመቅ አላውቅ!» ቀጠሮ ያሳለፈችበት ሰው ሲቆጣ፣ «እንግዳ ነኝ እኮ፣ ያገሩ ማክሰኞ እንዲህ ቶሎ ይደርሳል ብዬ መች ጠረጠርኩ!» ይሄን ስትል አንኮበር ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

«አንቺ ልጅ» አሏት አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለማርያም፣ «እንግድነትሽ የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ስለምድ ነዋ፣ እሜቴ!»

ትልቁ ነገር ግን የበዓሉ ነገር ነበር። አንኮበር ካህን የበዛበት አገር ነው፤ በዓል አጥብቆ ይይዛል። በዓል ለት አይታረስም፣ አይፈጭም፣ አይፈተልም። አንዱ ደብር አቦን ይይዛል፣ ሌላው አገር ደግሞ ያን ቀን ይሠራል፤ የራሱን ታቦት ቀን ጠብቆ ይይዛል። ያገሩ ሰው የቱን ቀን እንደሚይዝ ሲወለድ ጀምሮ ያውቃል። የወታደር ሚስት ግን ያገሩ ሰው አይደለችም። አልታየች እዚህች ላይ ነው ቀዳዳ ያገኘችው፤ ቀዳዳ ያገኘ ልብስ ሰፊ ደግሞ መርፌ ማስገባቱ አይቀርም።

አንድ ቀን በአቦ፣ አገሩ ጸጥ ባለበት፣ መኪናዋ ጠር-ር-ር ትላለች። የሰፈሩ ቄስ መምሬ ወልደተንሣኤ መቋሚያቸውን ይዘው ደጇ ላይ ቆሙ። ሃምሳ አለቃው እጀታውን ለቆ ተነሳ፤ የሚደበቅበት አጣ፤ ያን የሚያህል ሰውዬ ከኋላው ያለው አንድ የአቡጀዲ ጥቅል ብቻ ነበር።

«አልታየች! ልጄ! ዛሬ አቦ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ አባቴ። እኔ ግን የንስሐ አባቴ ደብረ ብርሃን ናቸው። የኛ ሥላሴ ነው።»

«በሥላሴም ለት ስትሰፊ ሰምቼሻለሁ!»

«በሥላሴ ለትማ የነበርኩት አንኮበር ነዋ! ሰፈርተኛው ሲሠራ አየሁ፤ ያገሩን ላክብር ብዬ ነው። እንግዳ ነኝ እኮ፣ አባቴ!»

መምሬ ወልደተንሣኤ መጽሐፍ የተማሩ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን አንስተው ተመለሱ። መልሱን እስከ ማታ ድረስ መንገድ ለመንገድ ሲፈልጉት ዋሉ ይባላል። ሃምሳ አለቃው በጣም አፈረ። ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አልታየች አይታዋለች።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አንኮበር ጠላት የላትም። ከመኮንኖቹ ሱሪ የተረፈውን ካኪ ቁርጥራጭ አትጥልም ነበር። ጥምቀት ሲደርስ ሱሪ የተቀደደበትን የደሃ ልጅ ሁሉ ደጇ ላይ ገትራ፣ «ዙር» ብላ፣ መቀመጫው ላይ ትለጥፍለታለች። ታቦት ሲወርድ የአንኮበር ልጅ ከፊት ሲያዩት ልጅ ነው፣ ከኋላ ሲያዩት ወታደር ነው። መምሬም ጥላ ይዘው ሲሄዱ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር።

እንዲህ እያሉ ሳለ ትእዛዝ መጣ።

የጦሩ አዛዥ መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ሃምሳ አለቃውን አስጠሩት።

«ሃምሳ አለቃ፣ ኦጋዴን ተዛውረሃል። በሳምንቱ ትነሳለህ። ቤተሰብ የፈለገ ይዞ ይሄዳል፣ የፈለገ ትቶ ይሄዳል።»

«እሺ ጌታዬ» አለና ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ኦጋዴኑ አላስፈራውም። ሰው ይተኩስበት ይሆናል፤ ይሄ ሥራው ነው። «የፈለገ ትቶ ይሄዳል» የሚለው ግን እግር በእግር ተከተለው። እሱ ትቷት እንደማይሄድ ያውቃል። እሷ ትታው ትቀር እንደሆነ ግን አያውቅም።

ዘብ ቤቱ ጋ አሥር አለቃ አበባውን አገኘው። አበባው አንድ ጊዜ ሚስት ነበረው። ጫጫ ከተማ ላይ ጠላ ቤት ከፍታ፣ ሥራው ደርቶላት፣ እሱ አንኮበር ሲዛወር «አንተ ቅደም፣ እኔ እደርሳለሁ» አለችው። እስካሁን አልደረሰችም። አበባው ቁልፉን የሚተክለው ራሱ ነው፤ ኮቱ ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቁልፎች የሉም፣ ሁሉም ለየብቻው ነው።

«ኦጋዴን?» አለ አበባው። «ጉድ ነው! እዚያ አገር ወንዱም ሴቱም ሽርጥ ነው የሚያገለድመው ይባላል።»

«ይሁን፣ ምን አለበት?»

«ሽርጥ ምን ስፌት አለው? ጠምጠም ነው። ታዲያ እትዬ አልታየች ምን ልትሠራ ትመጣለች?»

«እኔን ብላ ትመጣለች።»

አበባው ኮቱን ቁልቁል አየ። «ኸረ ተው ሃምሳ አለቃ» አለው። «እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር።»

ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ እቤቱ እስኪደርስ የሚላትን ሲያጠና ሄደ። «አልታዬ፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መጥቷል፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይስ...» እዚያ «ወይስ» ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከሥር ይጀምራል። እቤት ሲገባ አልታየች ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ጨርቅ ትቆርጣለች።

«ተዛወርኩ» አለ።

«መቼ?» አለች በስፒሎቹ መሃል።

«በሳምንቱ። ኦጋዴን።»

የት እንደሆነ የሰማች አልመሰለችም። መደቡን አየች፣ ዱካውን አየች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አየች። ያንኮበር ግማሹ ሰው ልብስ ተቆርጦ፣ እጁ ለብቻ አንገቱ ለብቻ ሆኖ፣ ቤቱን ሞልቶታል። ስፒሎቿን አወጣች።

«የሰው ጨርቅ!» አለች። «ይሄን ሁሉ ቀድጄ ጥዬ፣ ሳልሰፋው ብሄድ ምን ልባል ነው? ‹ያቺ የወታደር ሚስት ጨርቃችንን ይዛ ጠፋች› ልባል? እኔ አልታየች?»

«ብሄድ» ማለቷን ሰምቶ ልቡ ትንሽ ተመለሰ። ግን «ብሄድ» እና «እሄዳለሁ» አንድ አይደሉም። ሊጠይቃት ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አልታዬ...»

«ምን?»

«ራት አለ?» አለ።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ቀኑ ነበር። በማግስቱ ጊዮርጊስ ነው፣ ቀጥሎ ተክለ ሃይማኖት፣ ቀጥሎ እሑድ፣ ሰኞ አንዲት ቀን አለች፣ ከዚያ መድኃኔዓለም። እነዚህን ደግሞ አንኮበርም ይይዛቸዋል፣ ደብረ ብርሃንም ይይዛቸዋል፤ እንግዳም ይያዛቸው አይያዛቸው የሚባል ነገር የለም። አልታየች ሌላ ቀዳዳ ፈለገች። ጠዋት ተነስታ ደጅ ቆማ የጦር ሰፈሩን አጥር ስታይ ቆየች።

«ዘበኛው ዛሬ ጠመንጃውን አስቀምጧል?» አለች።

«ምን ሲደረግ? ዘብ ነው እኮ።»

«ጊዮርጊስ አይደል እንዴ ዛሬ?»

«ለመንግሥት ሥራ ጊዮርጊስ ምን...» አለና ሃምሳ አለቃው ወዴት እንደምታመራ ገባው። «ኸረ አልታዬ! ኸረ በጊዮርጊስ!»

«መቶ አለቃውን ሄደህ ጠይቅ። እኔ መኪናዋን አዘጋጃለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ሄደ። መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ጺማቸውን ሲላጩ አገኛቸው። ነገሩን እየተንተባተበ አስረዳ። መቶ አለቃው ምላጩን አንስተው ቆሙ።

«የስፌት መኪና ዘብ ቤት አስገባ ነው የምትለኝ? አብደሃል?»

«እሺ ጌታዬ። እኔም እንደዚያ ብያት ነበር» አለና ሊወጣ ዞረ።

«ቆይ እስቲ። የኔ የፈረስ ሱሪ አልቋል?»

«ገና ነው ጌታዬ። አንዱ እግር ብቻ ነው ያለቀው።»

መቶ አለቃው ምላጩን ወደ ጺማቸው መለሱ። «መኪናዋ ትግባ» አሉ።

ዘብ ቤቱ ሌላ ሆነ። ከዘብ የወረደ ሁሉ መርፌ ያዘ። የማያውቀው ቁልፍ ተከለ፣ ትንሽ የሚያውቀው ዘመዘመ። አሥር አለቃ አበባው የሰው ቁልፍ ሲተክል አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀመጥለታል፤ ራሱም ገረመው። አልታየች በመሃላቸው ቆማ ታዛለች። መቶ አለቃው እንኳ እንደዚያ ሲታዘዝላቸው አይተው አያውቁም፤ በመስኮት ቆመው ያያሉ።

ሃምሳ አለቃው እጀታውን ያዞራል። አንድ ልብስ ባለቀ ቁጥር ሌላው ሰው ደስ ይለዋል፤ እሱ ግን የቀረውን ጨርቅ ይቆጥራል። ልብሱ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ያ ጥያቄ ይመጣል። ስንት ጊዜ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። «አልታዬ...» ሲላት «አዙር» ትለዋለች። አንድ ጊዜማ «ለምን አትጠይቀኝም?» በሚል ዓይን ያየችው መሰለው። ግን በብርሃኑ ክር እያስገባች ነበር፤ ክር ስታስገባ ዓይኗ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ተክለ ሃይማኖት ለት ረፋዱ ላይ ያገር ሽማግሌዎች ወደ ጦር ሰፈሩ መጡ። ከፊት መምሬ ወልደተንሣኤ፣ ቀጥሎ ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ከኋላ ሌሎች ነጭ የለበሱ አሉ። መቶ አለቃውን ለማነጋገር ነበር የመጡት። በሩን ሲያልፉ ግን ጠር-ር-ር የሚል ሰሙ። መምሬ ቆሙ። ጆሯቸውን አቀኑ። ከዚያ በቀጥታ ዘብ ቤቱን ከፍተው ገቡ።

መርፌ የያዘው ወታደር ሁሉ መርፌውን ከኋላው ደበቀ። አንዱ የራሱን መቀመጫ ወግቶ «እሪ!» አለ። ሃምሳ አለቃው ግን እጀታውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«አልታየች» አሉ መምሬ በቀስታ። «ዛሬ ማን ነው?»

«ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ አባቴ።»

«እና ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄማ የርስዎ ካባ ነው፣ አባቴ።»

እውነትም መርፌው ሥር ያለው ጥቁር ካባ የሳቸው ነበር። መምሬ ጠጋ አሉ። ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው አነሱት። ገበሩን ገለጥ አድርገው አዩ።

«አንገቱ ጋ...» አሉ በመጨረሻ፣ «ጠበብ አላለም?»

«ሲለብሱት ይለቃል፣ አባቴ።»

መቶ አለቃው ሁካታ ሰምተው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። መምሬ ወደሳቸው ዞሩ። «እዚህ ግቢ ውስጥ ደንቡ እንዴት ነው?»

«ግቢው የመንግሥት ነው፣ አባቴ። ዘበኛ በበዓል ጠመንጃውን አያስቀምጥም።»

«እንግዲያውስ» አሉ መምሬ ካባውን መልሰው መርፌው ሥር እያስተካከሉ፣ «እኔ የምቆጣው ከአጥሩ ወዲያ ላለው ነው። የመጣነውም ለሌላ ጉዳይ ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቶ አለቃ፣ የመጣነው ለልመና ነው። ሃምሳ አለቃው ይሂዱ። ለመንግሥት ነው፤ እሳቸውን አንከለክልም። እሷን ግን ተውልን።»

ሃምሳ አለቃው የሰማው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። የሽማግሌዎቹን ፊት ሲያይ ቀልድ አይደለም።

«ቤቱን ያለ ኪራይ ትቀመጥበት» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ሃምሳ አለቃውም ፈቃድ ሲያገኙ መጥተው ይጠይቋት። እኛ ደህና አድርገን እንይዝላቸዋለን።»

«እኔ ሃምሳ አለቃውን ነው ያዛወርኩት» አሉ መቶ አለቃው። «እሷን የሚያዛውር መንግሥት ገና አልመጣም። ራሷን ጠይቋት።»

ሁሉም ዞረው አልታየችን አዩ። አፏ ስፒል ሞልቷል። መናገር አትችልም። አንዱን ስፒል ከከንፈሯ አውጥታ እጅጌዋ ላይ ሰካች። ሌላውን አወጣች፣ ሰካች። እንደዚያ ቀስ ብላ ሠርታ አታውቅም። ሃምሳ አለቃው ስፒሎቹን ያያል። ያን ጊዜ ተነስቶ «ጌታዬ፣ እኔ ካለሷ አልሄድም» ማለት ይችል ነበር። ግን አንኮበር ውስጥ የምትወደድ ሴት ናት። እዚህ ቤት አላት፣ ሥራ አላት፣ ሰው ደጇ ላይ ይሰለፋል። እዚያ ምን አላት? እሱ ብቻ ነው ያለው። ራሱን ደግሞ ሲመዝነው ትንሽ ሆነበት። ከመቀመጫው አልተነሳም።

የመጨረሻዋ ስፒል ወጣች።

«መምሬ» አለች አልታየች፣ «እሜቴም፣ እግዜር ያክብርልኝ። አንኮበርን ወድጄዋለሁ። የሰው ጨርቅ ይዤ አልሄድም፤ ስነሳ ሁላችሁም ልብሳችሁን ለብሳችሁ ነው የምትሸኙኝ።»

«ስነሳ አልሽ?» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ኸረ አንቺ ልጅ! ሽርጥ ብቻ የሚለበስበት አገር ሄደሽ ምን ልትሰፊ?»

«ሽርጥም ጠርዝ አለው፣ እሜቴ።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ደንበኛ ያመጣላትን ጨርቅ እንደምታየው ከላይ እስከ ታች አየችው። ኮሌታውን ሳብ አድርጋ አቀናችለት፤ ትከሻው ላይ የተጣበቀ ክር አንስታ ጣለች።

«የናንተ ልብስ ያልቃል» አለች። «ይሄን ሰውዬ ግን ጎረምሳ ሆኖ ነው የጀመርኩት። ትከሻው ተስተካክሏል። አፉ ገና አልተከፈተም፤ የሚፈልገውን ለመጠየቅ ሁለት ቀን ሙሉ ሲንደፋደፍ ይኸው ታያላችሁ። እንዲህ ከመሃል አድርሼ ለማን ትቼው ልቀር?»

ወታደሮቹ ሳቁ። አሥር አለቃ አበባው አልሳቀም፤ ከያዘው ቁልፍ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «እሰይ» አለ ብቻ። መምሬ ወልደተንሣኤም ካባቸውን ሊለኩ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ሃምሳ አለቃ ደምመላሽ እጀታውን ያዘ፤ ፊቱን ማንም እንዳያየው አንገቱን መኪናዋ ላይ ደፍቶ ማዞር ጀመረ።